የባንክ ማስጠንቀቂያ እውነተኛነቱ በምን ይታወቃል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ባንክ ካርድ ማጭበርበር እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ አመነታሁ። ምክንያቱም እኔ የባንክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሙያዬ የኤሌክትሪክና የመገናኛ ምሕንድስና ነው። ነገር ግን ጉዳዩን ቀረብ ብዬ ስመለከተው ከገንዘብ ጥያቄነቱ ይልቅ የመልእክት ጥያቄነቱ አመዘነብኝ። አንድ መልእክት በሽቦ ወይም በአየር ተጕዞ ከአንድ ሰው ዘንድ ሲደርስ፣ ተቀባዩ «ይህን የላከው በእርግጥ ላኪ ነኝ ባዩ ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን መስጠት የሚገባው ከገንዘብ ያዡ ይልቅ መሐንዲሱ ነው። ስለዚህም ግብዣውን ተቀበልሁ።

ንግግሬን በራሴ ላይ ከደረሰው እጀምራለሁ። ለትምህርት በአሜሪካን አገር በነበርሁበት ጊዜ፣ አንድ ምሽት ከቤተ መጻሕፍት ተመልሼ እራቴን በማሰናዳበት ሰዓት ስልኬ ጠራ። አንዲት ሴት ረጋ ባለ አነጋገር ከባንኬ የካርድ ደኅንነት ክፍል የምትደውል መሆኗን ገለጸችልኝ። ከምኖርበት ከተማ ብዙ ርቆ በሚገኝ ነዳጅ ማደያ በካርዴ ግዢ መፈጸሙን ከነገረችኝ በኋላ፣ ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን አስቀድሞ ማንነቴን ታረጋግጥ ዘንድ የትውልድ ቀኔንና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሬን የመጨረሻ አራት አኃዞች እንድነግራት ጠየቀችኝ። እኔም የተማርሁ ሰው ነኝና፣ እንዲህ ያለውን ወጥመድ አሳምሬ የማውቅ መሆኔን በኩራት ነግሬ ስልኩን ዘጋሁባት። በማግሥቱም ለጓደኞቼ እንደ ጀብዱ አድርጌ አወራሁላቸው።

በአራተኛው ቀን ከአንድ ትልቅ መደብር ዕቃዬን በጋሪ ሞልቼ ከገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ስቀርብ ካርዱ አልሠራ አለ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሞከረችው። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዐይኑን በእኔ ላይ ተከለ። ዕቃውን ትቼ ወጥቼ በካርዱ ጀርባ ወደ ታተመው ቁጥር ስደውል፣ ያቺ ሴት በእርግጥ የባንኩ ሠራተኛ እንደ ነበረች ተረዳሁ። እኔ በብልኅነቴ ስመካ በሰነበትሁባቸው ቀኖች ሌባው በካርዴ ቁጥር አምስት ጊዜ ገበያ ወጥቶበት ነበር፤ ባንኩም በመጨረሻ ካርዱን አገደው። ገንዘቡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰልኝ። ለጓደኞቼ ግን የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ሁለተኛው ታሪክ የአክስቴ ነው። አክስቴ በአዲስ አበባ በርበሬና ቅመም ነግዳ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእቁብ ዕጣዋ ደርሷት 140 ሺህ ብር ባንክ አስገብታ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሱቋ በገበያተኛ ተሞልቶ ሳለ፣ አንድ ወጣት ደወለላት። «እናቴ፣ ከባንክ ነው የምደውልልዎ፤ አይደንግጡ። በካርድዎ ገንዘብ ለማውጣት እየተሞከረ ነው፤ እርስዎ ነዎት?» አላት። እርሷም «ኧረ እኔ አይደለሁም ልጄ!» ብላ ጮኸች። «እንግዲያው አሁኑኑ እናግደዋለን። እናቴ፣ የካርድዎን የምሥጢር ቁጥር ለእኔም ቢሆን እንዳይነግሩኝ! ለማንም አይንገሩ። አሁን በስልክዎ የሚደርስዎትን የማገጃ ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ» አላት። ቁጥሩ ደረሰ፤ አክስቴም አነበበችለት።

ያ ቁጥር ማገጃ አልነበረም። የሞባይል ባንክ አገልግሎቷን በሌላ ሰው ስልክ ላይ የሚከፍት ቁልፍ ነበር። ማታ ልጇ ሒሳቡን ሲመለከት ከ140 ሺው የቀረው 312 ብር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለፖሊስም ለባንኩም ተመለከተ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ድርጊት በግልጽ የሚቀጣ ቢሆንም፣ የሚቀጣው ሰው ሳይያዝ አዋጁ ብቻውን ገንዘብ አይመልስም። እስከ ዛሬም አልተመለሰላትም።

ይህን ስሰማ ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ወጣቱ እምነቷን ያገኘበት መንገድ ነው። እምነቷን ያገኘው «የምሥጢር ቁጥርዎን እንዳይነግሩኝ» በማለቱ ነው። ባንኮች በየጊዜው ሕዝቡን የሚያስተምሩበትን ቃል ወስዶ እንደ መታወቂያ ተጠቀመበት። አክስቴ ዛሬም ነገሩ ሲነሣ «ሌባ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ብሎ ይመክረኝ ነበር?» ትላለች።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሁለቱም ደዋዮች ካርዱ አደጋ ላይ መሆኑን ተናገሩ፤ ሁለቱም ትሑታን ነበሩ፤ ሁለቱም አንድ ነገር ጠየቁ። እንዲያውም ይበልጥ የግል የሆነውን ነገር የጠየቀችው እውነተኛዋ ናት። በአነጋገራቸው፣ በጠባያቸውና በሚሰጡት ምክር ለመለየት የሚሞክር ዳኛ ቢኖር ሐሰተኛውን እውነተኛ፣ እውነተኛዋን ሐሰተኛ ብሎ መፍረዱ የማይቀር ነው። አክስቴም እኔም ያደረግነው ይህንኑ ነው። እርሷ በማመኗ እኔ በመጠርጠሬ የተለያየን ብንመስልም ስሕተታችን አንድ ነው፤ የመልእክቱን እውነተኛነት ከራሱ ከመልእክቱ ውስጥ ለማግኘት መሞከራችን ነው። ስልኩን መዝጋቴ ትክክል ነበር። ጥፋቴ ዘግቼ መተኛቴ ነው።

ስለዚህ «ሁሉንም ጠርጥር» የሚለው የተለመደ ምክር ግማሽ ምክር ነው። ማስጠንቀቂያውን መናቅ ዋጋ ያስከፍላል። ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ የዴቢት ካርዱ የጠፋበት ወይም የተሰረቀበት ሰው ነገሩን ባወቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ለባንኩ ካስታወቀ የሚደርስበት ኪሳራ ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ከዚያ ከዘገየ ግን እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ የሒሳብ መግለጫው ከተላከለት በኋላ 60 ቀን ዝም ካለ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ለሚወሰደው ገንዘብ ወሰን የለውም። በእኛ አገር ደግሞ ገንዘብ ከአንድ ሒሳብ ወደ ሌላው በደቂቃ ውስጥ ስለሚዛወር፣ እውነተኛውን ማስጠንቀቂያ ንቆ ማደር የሚያስከትለውን መናገር አያስፈልገኝም።

እንግዲህ መልእክቱ ስለ ራሱ ለምን መመስከር እንደማይችል ልግለጽ። በአገራችን ሌሊት በር ሲንኳኳ «ማነው?» ይባላል፤ በውጭ ያለውም ሰው «እኔ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ከዚህ ያነሰ ነገር የሚናገር መልስ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ያልሆነ ማን አለ? ሆኖም በሩ ይከፈታል፤ የሚከፈተውም በቃሉ ሳይሆን ድምፁን ስለምናውቀው ነው። ባንክ ግን የሚታወቅ ድምፅ የለውም፤ በየጊዜው የሚደውልልን ሌላ ሰው ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ የሚባለው እንዲህ ላለው ቦታ ነው። በዘመናችንም የሰውን ድምፅ በኮምፒዩተር አስመስሎ ማውጣት ቀላል ሆኗልና፣ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ድምፅ ዐውቃለሁ የሚል ሰውም ቢሆን ብዙ ባይመካ ይሻለዋል። ድምፁን ስለማናውቅ በሌሎች ምልክቶች እንደገፋለን፤ በስልኩ መስኮት ላይ በሚታየው ቁጥር፣ በአጭር መልእክቱ ራስጌ በሚታየው ስም፣ እንዲሁም ደዋዩ ስለ እኛ በሚያውቀው ነገር።

በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቁጥር ከየት ይመጣል? የስልክ ማዕከሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የምልክት ሥርዓት ቁጥር 7 ዓለም አቀፍ ደንብ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በዚያን ዘመን በየአገሩ ያሉት የስልክ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ነበሩ፤ እርስ በርሳቸውም ይተማመኑ ነበር። አንዱ ማዕከል «ደዋዩ እገሌ ነው» ሲል ሌላው ቃሉን ተቀብሎ ያሳልፋል እንጂ አይመረምርም። ዛሬ በኢንተርኔት በኩል ወደ መረቡ ከሚገቡት ጥሪዎች በብዙዎቹ የደዋዩን ቁጥር የሚሞላው ራሱ ደዋዩ ነው። በፖስታ ጀርባ ላይ የላኪን አድራሻ እንደ መጻፍ ማለት ነው፤ ፖስተኛው አድራሻው እውነት ይሁን ሐሰት አይጠይቅም። አሜሪካኖች ይህን ቀዳዳ ለመድፈን በ2019 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥተው፣ ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች የደዋዩን ቁጥር በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጡ አስገድደዋል። መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ፊርማው የሚያረጋግጠው ቁጥሩን እንጂ የደዋዩን ቅንነት አይደለም፤ አጭበርባሪውም በሕጋዊ መንገድ የራሱን ቁጥር ሊይዝ ይችላል። አክስቴን የደወለላት ወጣት የተጠቀመው በተራ የሞባይል ቁጥር ነበር። ሱቅ ውስጥ ሰው እያስተናገደች ቁጥሩን ማን አየው?

የአጭር መልእክቱ ነገር የባሰ ነው። አጭር መልእክት ከድርጅት ሲላክ በቁጥር ፈንታ እስከ 11 ፊደል የሚደርስ ስም ሊይዝ ይችላል፤ ያንን ስም የሚጽፈው ላኪው ነው። ምዝገባና ቁጥጥር በሌለበት አገር ማንም ሰው የባንክ ስም ጽፎ መላክ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር መሐንዲስን ያሳፍራል፤ የተቀባዩ ስልክ መልእክቶችን የሚያከማቸው በላኪው ስም ስለ ሆነ፣ የሐሰቱን መልእክት ወስዶ ባንኩ ላለፉት ዓመታት በላካቸው እውነተኛ መልእክቶች ግርጌ ያስቀምጠዋል። ለሐሰተኛው ምስክር የሚቆምለት የተቀባዩ የገዛ ስልክ ነው ማለት ነው።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ በሲንጋፖር ኦሲቢሲ የተባለው ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ችግር እንደ ገጠመው የሚገልጽ አጭር መልእክት ደረሳቸው። መልእክቱ በባንኩ ስም፣ ባንኩ ከዚያ ቀደም ከላካቸው መልእክቶች ጋር በአንድ መስመር ተሰልፎ ነበር፤ ሊንክም ነበረበት። ሊንኩን ተከትለው የምሥጢር ቁጥራቸውን የሞሉ 790 ያህል ሰዎች 13.7 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር አጡ። ከመካከላቸው የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ያጡ ነበሩ። ባንኩ በኋላ ለሁሉም ከራሱ ከፈለ። አገሪቱ ከዚህ የተማረችው ግን ከክፍያው ይበልጣል። በ2022 መጀመሪያ ላይ ባንኮች ለተራ ደንበኞቻቸው በሚልኩት መልእክት ውስጥ ሊንክ እንዳያስገቡ ተወሰነ፤ አንድ ደንበኛ የባንክ አገልግሎቱን በአዲስ ስልክ ላይ ሲከፍት ቢያንስ የ12 ሰዓት ማቆያ ጊዜ እንዲኖር ተደረገ፤ በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ስሙን ያላስመዘገበ ላኪ መልእክቱ «ማጭበርበር ሊሆን ይችላል» የሚል ምልክት እንዲለጠፍበት ሆነ። ስለ 12 ሰዓቱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አክስቴን ያድናት የነበረው እርሱ ነውና።

ደዋዩ ስለ እኛ የሚያውቀውን ነገር በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። «ካርድዎ በዚህና በዚህ አኃዝ ይጀምራል፤ በዚህና በዚህ ያበቃል» ብሎ የሚያነብ ደዋይ ብዙ ሰው ያሳምናል። የካርድ ቁጥር ግን እንደ ሎተሪ ዕጣ የተጻፈ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች (በአዲሱ ደንብ ስምንት) ካርዱን የሰጠው ባንክ መለያ ናቸው፤ የቪዛ ካርድ ሁሉ በ4 ይጀምራል። የአንድን ባንክ አንድ ዓይነት ካርድ የያዙ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያቸው አንድ ነው። የመጨረሻዎቹ አራት ደግሞ በየደረሰኙ ላይ ይታተማሉ። ነገሩን ለማስላት ለምትወዱ፣ ባለ 16 አኃዝ ካርድ ላይ የፊተኞቹን ስድስትና የኋለኞቹን አራት ያገኘ ሰው ስድስት ብቻ ይቀሩታል። የአይቢኤሙ ሐንስ ፒተር ሉን ያወጣው የማመሳከሪያ ስሌት ደግሞ ከአንድ ሚሊዮኑ አማራጭ ዘጠኝ እጁን ስለሚጥለው፣ የሚቀረው መቶ ሺህ ብቻ ነው። ስለዚህ እነዚህን አኃዞች ማንበቡ ደዋዩ ደረሰኝ ከቆሻሻ ቅርጫት ማንሣቱን እንጂ ከባንክ መሆኑን አያስረዳም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመካከላችን በከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ የሠራችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። አንድ ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦውን ከመንካቱ በፊት ከማከፋፈያ ጣቢያው «መስመሩ ተቋርጧል» ተብሎ ይነገረዋል። ይህን ሰምቶ ሽቦውን የሚነካ የለም። ነጋሪው ውሸታም ነው ብሎ ስለሚያስብ አይደለም፤ የነጋሪው ቃልና የሽቦው ሁኔታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ ነው። ስለዚህ በራሱ መሣሪያ ይፈትሻል። ጠንቃቃው ደግሞ መሣሪያውን ራሱን አስቀድሞ ኃይል እንዳለበት በተረጋገጠ ቦታ ላይ ይሞክረዋል፤ ከዚያ መስመሩን ይፈትሻል፤ ቀጥሎም መሣሪያውን እንደ ገና ይሞክረዋል። በመጨረሻም መስመሩን ከመሬት ጋር ያገናኛል። ይህ ሁሉ ሲሆን በጣቢያው ያለው ባልደረባው «ለምን አላመንኸኝም?» ብሎ አይቀየምም።

በባንክ ማስጠንቀቂያም ረገድ የሚደረገው ይኸው ነው። የሰማነውን ቃል እንደ ቃል ይዘን፣ መስመሩን ቆርጠን፣ እኛ ራሳችን በመረጥነው ሌላ መንገድ ወደ ባንኩ እንሄዳለን። ሌላ መንገድ ስል ደዋዩ ወይም መልእክቱ ያልሰጠን መንገድ ማለቴ ነው፤ በካርዱ ጀርባ የታተመው ቁጥር፣ የባንኩ አጭር የጥሪ ቁጥር፣ ቀድሞ በስልካችን ላይ የተጫነውና እኛው የምንከፍተው የባንኩ አፕሊኬሽን፣ ወይም በእግር ወደ ቅርንጫፉ። «ቁጥራችንን ልስጥዎትና መልሰው ይደውሉልኝ» የሚል ደዋይ ምንም አላረጋገጠም። ቁጥሩን በድንጋጤ ሰዓት ከኢንተርኔት መፈለግም አደገኛ ነው፤ አጭበርባሪዎች የባንክ ቁጥር አስመስለው የራሳቸውን የሚያስቀምጡት እንዲህ ላለው ፈላጊ ነውና። ካርዱ ከነጀርባው ሊጠፋ ስለሚችል ቁጥሩን ዛሬውኑ በማስታወሻ ደብተር ላይ መጻፍ ይገባል።

መስመሩን መቁረጥ ሲባል በእርግጥ መቆረጡ መረጋገጥ አለበት። በብሪታንያ በቤት ስልክ ላይ የደረሰውን ላንሣ። በአሮጌው የስልክ ሥርዓት መስመሩን የሚዘጋው ደዋዩ እንጂ ተቀባዩ ስላልነበረ፣ አጭበርባሪው «እኔን አይመኑ፤ ዘግተው ወደ ባንክዎ ይደውሉ» ይልና የራሱን ስልክ ሳይዘጋ ይጠብቃል። ተቀባዩ ዘግቶ ቢያነሣውና የባንኩን ቁጥር ቢደውል ከዚያው ሰው ጋር እንደ ተገናኘ ነው፤ አጭበርባሪው የመደወያ ድምፅ አሰምቶ «ባንክ ነው፤ ምን ልርዳዎ?» ይላል። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ሽቦው ግን አንድ ነበር። ኋላ የስልክ ኩባንያዎቹ መስመሩ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ ጥቂት ሰከንድ አሳጠሩት። በሞባይል ይህ ችግር ባይኖርም፣ በሌላ ስልክ መደወል ወይም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መደወል የሚሻለው እንዲህ ያለ ታሪክ ስላለ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ደግሞ በዚያው አገር 159 የተባለ አጭር ቁጥር ተከፈተ። ከባንክ ተደወለልኝ የሚል ሰው ስልኩን ዘግቶ 159 ሲደውል በአገልግሎቱ ከታቀፈው የራሱ ባንክ ጋር ይገናኛል። ሦስት አኃዝ አዛውንትም አይረሱም። በእኛ አገር ባንኮች በየግላቸው ባለ ሦስትና ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አላቸው፤ ለሁሉም አንድ የጋራ ቁጥር ማበጀት በምሕንድስና በኩል የሚከብድ ሥራ አይደለም።

«ዘግቼ ስደውል ገንዘቤ ቢወሰድስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ፍርሃት ተፈጥሯዊ ነው፤ አጭበርባሪውም የሚኖረው በእርሱ ነው። መልሱ አጭር ነው። ባንክ አንድን ካርድ ለማገድ የባለ ካርዱ የምሥጢር ቁጥር፣ በስልኩ የደረሰው ኮድ ወይም ፈቃዱ አያስፈልገውም፤ ከራሱ ኮምፒዩተር ላይ ያግደዋል። የእኔን ካርድ እንዳገደው ማለት ነው። ስለዚህ «ለማገድ ቁጥር ይስጡኝ» የሚል፣ «ገንዘብዎን ወደ አስተማማኝ ሒሳብ እናዛውረው» የሚል፣ «ይህን ለማንም አይንገሩ» የሚል ሁሉ መልሶ መደወል እንኳ ሳያስፈልግ የታወቀ ነው። ከባንክ ስለ መሆኑ የሚያጠራጥረን «ይህን ግዢ የፈጸሙት እርስዎ ነዎት?» ብሎ ብቻ የሚጠይቀው ነው። እርሱም ቢሆን መልስ የሚሰጠው በሌላኛው መንገድ ነው፤ በአሜሪካ በባንክ ስም የሚላኩ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያዎች ብዙ ጊዜ «አዎን ወይም አይደለም» በሚል ጥያቄ ይጀምራሉ፤ የመለሰም ሰው ወዲያው ይደወልለታል።

አሁን ወደ ባንኮቹ ልዙር፤ ከመካከላችን በባንክ የቴክኖሎጂ ክፍል የምትሠሩ ብትቀየሙኝም። ደንበኛው እንዲህ መታለሉ የደንበኛው ጥፋት ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም። ያቺ የባንኬ ሠራተኛ እኔን ማንነትህን አስረዳ ስትለኝ እርሷ ማንነቷን ያስረዳችበት ምንም ነገር አልነበረም። የደወለችው እርሷ፣ ተጠያቂው እኔ። እንዲህ የሚደውል ባንክ ደንበኞቹን በየቀኑ ለአጭበርባሪው ያሠለጥንለታል። አሠራሩ መገልበጥ አለበት፤ ደዋዩ የባንክ ሠራተኛ ምንም ሳይጠይቅ «በካርድዎ ላይ የሚያጠራጥር ነገር አይተናል፤ እባክዎ ዘግተው በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ይደውሉልን» ብሎ መሰናበት ይኖርበታል። ሠላሳ ሰከንድ የማይፈጅ ጥሪ ነው።

የባንኮችንም ችግር አልዘነጋሁም። ለምሳሌ ያህል ከመቶ ሺህ ግዢዎች መቶው የሌባ ናቸው እንበል፤ የባንኩ መመርመሪያም ከመቶው ዘጠናውን ይይዛል፣ ከንጹሑም ከመቶ አንዱን በስሕተት ይጠረጥራል እንበል። ይህ ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን 99,900ው ንጹሕ ግዢ ላይ 999 የሐሰት ደወል ያሰማል። ከ1,089 ማስጠንቀቂያዎች እውነተኛ ሌባ የተገኘባቸው 90 ብቻ ናቸው ማለት ነው። ለሁሉም ሰው እየደወሉ «መልሰው ይደውሉ» ማለት የጥሪ ማዕከሉን እንደሚያጨናንቅ ይገባኛል። መፍትሔው ግን ደንበኛው መጋረጃ ውስጥ ሆኖ እንዲናዘዝ ማድረግ አይደለም፤ በባንኩ አፕሊኬሽን ውስጥ ገብቶ ራሱ እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል።

ስለ አክስቴ ያልተናገርሁት አንድ ነገር አለ። ከሳምንት በኋላ ስልኳን ተቀብዬ ያንን መልእክት አነበብሁት። ባንኩ ኮዱን ሲልክ ከሥሩ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር፤ ቁጥሩ የሞባይል ባንክን ለመክፈት እንደሚያገለግልና ለማንም መነገር እንደሌለበት በግልጽ ይናገራል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አክስቴ አማርኛ አጥርታ ታነባለች፤ መዝሙረ ዳዊት ታነባለች። እንግሊዝኛ ግን አታነብም። ሌባው በአማርኛ፣ «እናቴ» ብሎ፣ በእርስዎታ አነጋገራት፤ ባንኳ በማታውቀው ቋንቋ ጻፈላት። የሚያድናት ማስጠንቀቂያ በእጇ ላይ ነበር። ከእርሱ ላይ የምታነበው አኃዞቹን ብቻ ነበርና እነርሱን ነገረችው።

ይህን ለማቃናት አዲስ ግኝት አያሻም። የመልእክቱ የመጀመሪያ ቃል ደንበኛው በመረጠው ቋንቋ፣ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ይናገር፤ «ይህ ቁጥር ሒሳብዎን በሌላ ስልክ ላይ ይከፍታል» ብሎ ይጀምር፤ አኃዙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አዲስ ስልክ ላይ የተከፈተ አገልግሎት ለ12 ሰዓት ገንዘብ ማውጣት እንዳይችል ይደረግ። ማታ ልጇ ሒሳቡን ሲያይ ገንዘቡ በቦታው በነበረ። ይህን ሐሳብ ለባንኩ በጽሑፍ አቅርቤ ነበር፤ እስካሁን የደረሰኝ መልስ ደብዳቤዬ መድረሱን የሚገልጽ አጭር መልእክት ነው። እርሱም በእንግሊዝኛ።

አክስቴ ከዚያ ወዲህ የባንኩን ቁጥር በሱቋ ግድግዳ ላይ፣ ከእቁብተኞች ስም ዝርዝር በላይ፣ በትልቁ ጽፋለች። ባለፈው ሚያዝያ ከባንኩ በእርግጥ ተደውሎላት፣ ካርዷ የሚታደስ መሆኑን ሊነግሯት ኖሯል፣ «ከባንክ ነው» የሚለውን እንደ ሰማች ዘጋችው። በግድግዳው ላይ ባለው ቁጥር ብትደውል መስመሩ ተይዟል። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቅርንጫፉ ሄደች። የቅርንጫፉ ሠራተኛ «እናቴ፣ የደወልንልዎ እኛው ነን፤ ለምን ዘጉብን?» ቢላት፣ «አሁን ዐወቅሁ አይደለም እንዴ? በል ካርዱን አምጣ» አለችው።